ላዩ ቀዝቃዛ፣ ታቹ ሙቅ፦ ከሰባት ራዲያተሮች አየር የማስወጣት የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1፣ ጠዋት 2፡30

ቤቱ ምድርና አንድ ፎቅ ነው። ሙቅ ውኃ እየዞረባቸው ክፍል የሚያሞቁ ሰባት የብረት ራዲያተሮች አሉት፤ አራቱ ታች፣ ሦስቱ ላይ። ውኃውን ለሚያሞቀው ቦይለር ካላቸው ቅርበት ተነሥተን ከ1 እስከ 7 ቁጥር ሰጥተናቸዋል። ቦይለሩ ከወለሉ ዝቅ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። አጠገቡ የግፊት መለኪያ፣ ግፊቱ 3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲደርስ ተከፍቶ ውኃ የሚያስወጣ ሴፍቲ ቫልቭ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ባለ 8 ሊትር ቀይ የማስፋፊያ ታንክ አለ። መስመሩ ዝግ ነው፤ ያው ውኃ ይዞራል፣ ከውጭ ውኃ የሚገባው ሰው ሲሞላ ብቻ ነው። በቱቦውና በራዲያተሮቹ ውስጥ ያለው በግምት 65 ሊትር ይሆናል።

የቤቱ ሰዎች የሚሉት፦ «ላይኛው ፎቅ አይሞቅም፣ ማታ ማታ ይንዶቀዶቃል፣ በየሳምንቱ ውኃ እንጨምራለን።» ከሦስቱ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትበልጣለች። ዝግ መስመር በየሳምንቱ ውኃ አይጠማውም።

ቁልፍ ከመያዝ በፊት ማሞቂያው ለግማሽ ሰዓት በርቶ እያንዳንዱ ራዲያተር ላዩና ታቹ ተለካ። እጅም ይበቃል፤ ዋናው ነገር ሁለቱንም ቦታ መንካት ነው።

1፣ 2 እና 4፦ ደህና ናቸው።
3፦ ላዩ 61 ዲግሪ፣ የታችኛው ወገቡ 33። ይህ አየር አይደለም፤ ሥር የተኛ ደለል ነው። አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ጭቃ ወደ ታች ይወርዳል፤ ቀዝቃዛው ቦታ የት እንደሆነ ካዩ ግማሹ ምርመራ አለቀ።
5፦ ሁሉም ቦታ ቀዝቃዛ፤ ግን መግቢያ ቱቦው እስከ ቫልቩ ድረስ ያቃጥላል። የቫልቭ ነገር ነው።
6 እና 7፦ ላያቸው 24፣ ታቻቸው 55። አየር የያዙት እነዚህ ናቸው።

ቀን 1፣ ጠዋት 4፡00

ማሞቂያው ጠፋ፣ ፓምፑም አብሮ ቆመ። ከዚያ አንድ ሰዓት ተጠበቀ። ፓምፕ እየሠራ አየር ለማውጣት መሞከር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። አየሩ በትናንሽ አረፋ ተበትኖ ከውኃው ጋር ስለሚዞር ራዲያተሩ አናት ላይ አይሰበሰብም። ከዚያም ብሶ ፓምፑ በሚስብበት በኩል ግፊቱ ዝቅ ስለሚል የተከፈተው ቀዳዳ አየር ሊስብ ይችላል። መጠበቁ ሌላም ጥቅም አለው፤ 60 እና 70 ዲግሪ የሞቀ ውኃ እጅ ላይ አይረጭም።

የያዝነው ዕቃ፦ ባለ 5 ሚሊሜትር አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያላት የአየር ማስወጫ ቁልፍ፣ ጠፍጣፋ ካቻቪቴ (አንዳንዱ ማስወጫ በሱ ነው የሚፈታው)፣ ሁለት ጨርቅ፣ የፕላስቲክ ኩባያ፣ ከራዲያተሩ ጀርባ የሚቆም ካርቶን። ካርቶኑ ቅንጦት አይደለም። የሚወጣው ውኃ ጥቁር ነው፤ ግድግዳ ወይም ምንጣፍ ላይ ካረፈ አይለቅም።

ግፊቱ ቀዝቅዞ 0.7 ባር ነበር። አየር ሲወጣ ስለሚወርድ በቅድሚያ በመሙያው ጎማ ወደ 1.5 ከፍ ተደረገ። መሙያ ጎማውን ከመስመሩ ጋር ስንገጥም በመስመሩ በኩል ያለውን ዳዶ ትንሽ አላልተን ውኃ እስኪያንጠባጥብ ከጠበቅን በኋላ ነው ያጠበቅነው። ያለዚያ ጎማው ውስጥ ያለው አየር በሙሉ የምናወጣው አየር ላይ ይጨመራል።

ቅደም ተከተሉ ከታች ወደ ላይ ነው፤ መጀመሪያ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ ቀጥሎ 5፣ 6፣ 7። አሠራሩ ለሁሉም አንድ ነው። ቁልፏን ራዲያተሩ አናት ላይ ባለችው የአየር ማስወጫ ቡሎን አስገብቶ ወደ ግራ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ማዞር፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ቡሎኗ ሙሉ በሙሉ ከወጣች በ1.5 ባር የሚገፋ ውኃ ውስጥ ሆኖ መልሶ ጥርሷን ማስያዝ ያስቸግራል። መጀመሪያ «ፍሽሽ» ይላል፣ ቀጥሎ እየተቆራረጠ ይተፋል፣ በመጨረሻ ያልተቆራረጠ ቀጭን ውኃ ይመጣል። ያኔ መዝጋት ነው። ጠበቅ፣ ግን በጉልበት አይደለም፤ ቡሎኗ ነሐስ ናት፣ ጫፏ ሾጣጣ ሆና ነው የምትዘጋው፤ በኃይል ያጠበቃት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ማዕዘኗን ልጦ ይፈታታል።

ከ1 እስከ 5 ያሉት ወዲያው ውኃ ሰጡ። 6 ለ40 ሰከንድ፣ 7 ለ25 ሰከንድ ያህል ተነፈሱ። የ6ቱ ቡሎን ማዕዘኗ ግማሽ በግማሽ ተልጧል፤ ቁልፏ ይንሸራተታል። ነገ ትቀየራለች።

ከራዲያተር የሚወጣው ሁልጊዜ ተራ አየር አይደለም። ኦክስጅኑ ካለቀ በኋላ ብረትና ውኃ በቀስታ ሲዋሃዱ ማግኔታይት የሚባል ጥቁር የብረት ዝገትና ሃይድሮጅን ይፈጠራሉ። ሃይድሮጅን ይነድዳል። ስለዚህ ቀዳዳው አጠገብ ክብሪትም ሲጋራም አይለኮስም፤ «ጋዝ መሆኑን ልሞክር» ብሎ ላይተር ማስጠጋትም ጀብዱ አይደለም።

ቀን 1፣ ከሰዓት 8፡15

አየር ከወጣ በኋላ መለኪያው ወደ 1.1 ወርዶ ስለነበር እንደገና 1.5 ተሞላ። ማሞቂያው በራ። 6 እና 7 በ20 ደቂቃ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ሞቁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል።

መለኪያው ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር። ውኃው 40 ዲግሪ ሲደርስ 2.1፣ 55 ሲደርስ 2.7፣ ከዚያ 3 ጋ ተጠግቶ ቆመ። ከሴፍቲ ቫልቩ የሚወርደው ቱቦ ሲነካ ሙቅ ነው፣ ጫፉም ያንጠባጥባል። ከሥሩ ባለ 2 ሊትር ጠርሙስ ተደረገ። የጠርሙሱ ዋጋ ከማንኛውም መሣሪያ አይተናነስም፤ ውኃው የት እንደሚሄድ ብቻ ሳይሆን ስንት እንደሚሄድም ይነግራል።

ቀን 2፣ ጠዋት 2፡00

ማሞቂያው ሌሊት ጠፍቶ አድሯል። መለኪያው 0.4፣ ጠርሙሱ ውስጥ 1 ሊትር ገደማ። 6 እንደገና አናቱ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፤ በጣት ሲመታ ታቹ ድፍን፣ ላዩ ክፍት ነው።

ሒሳቡ ይኸው። ውኃ ከ10 ወደ 70 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ 2.2 በመቶ ያህል ይጨምራል። 65 ሊትር ላይ ይህ 1.4 ሊትር ይሆናል። ይህን ትርፍ ውኃ መቀበል ያለበት ቀዩ ታንክ ነው፤ ውስጡ በጎማ መጋረጃ ለሁለት ተከፍሎ በአንድ ወገን ውኃ፣ በሌላው የተጠቀጠቀ ንፋስ አለ። ንፋሱ ካለቀ ታንኩ በውኃ ይሞላል፣ ለመቀበል ቦታ ያጣል። ያኔ ትርፉ ውኃ በሴፍቲ ቫልቭ ይወጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ መስመሩ ያወጣውን ያህል ይጎድለዋል፣ ግፊቱም ይወድቃል።

ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ የአየሩ ምንጭ ነው። ከመለኪያው እስከ ላይኛው ፎቅ ራዲያተር አናት ከፍታው 5 ሜትር ነው። 10 ሜትር ውኃ 1 ባር ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ 5 ሜትሩ 0.5 ይበላል። ታች 0.4 ሲያነብ ላይ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በ0.1 ባር ያነሰ ነው። ውኃ የማያሳልፍ የቫልቭ ማሸጊያ በዚህ ጊዜ አየር ያሳልፋል፤ ቤቱ በየሌሊቱ በላይኛው ፎቅ በኩል አየር ይስባል። በየሳምንቱ አየር ማስወጣት፣ በየሳምንቱ ውኃ መሙላት፣ በየሳምንቱ ያው መንዶቅዶቅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለማረጋገጥ ትንሽ የሶፍት ቁራጭ በ6ቱ ማስወጫ ቀዳዳ ፊት ተይዞ ቁልፏ ሩብ ዙር ተከፈተች። ሶፍቱ ወደ ቀዳዳው ተሳበ። ወዲያው ተዘጋ። ድምፁ ያው «ፍሽሽ» ስለሆነ በጆሮ ብቻ የሚሠራ ሰው አየር እያወጣሁ ነው ብሎ አየር ያስገባል። ስለዚህ ሕጉ፦ መጀመሪያ መለኪያውን ማንበብ፤ ከፍታውን በ10 ከፍሎ ቢያንስ 0.3 ጨምሮ ከዚያ በታች ከሆነ ሳይሞሉ አለመክፈት።

(በቤቱ አናት ላይ ትንሽ መሙያ ታንከር ያለው ክፍት መስመር ከሆነ የግፊት መለኪያ የለውም። እዚያ የሚታየው የታንከሩ ውኃና ተንሳፋፊ ኳሱ ነው። ኳሱ ተጣብቆ ታንከሩ ከደረቀ አየር የሚገባው በዚያ በኩል ነው።)

ቀን 2፣ ጠዋት 3፡30። ቀዩ ታንክ

ታንኩ ከቦይለሩ ሽፋን ውጭ ስለሆነ መሥራት ተቻለ። ታንኩ ሽፋኑ ውስጥ ከሆነና ቦይለሩ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ሽፋኑን መክፈት ፈቃድ ያለው የጋዝ ባለሙያ ሥራ ነው።

ታንኩ ላይ እንደ መኪና ጎማ ያለ ንፋስ መሙያ አለ። ክዳኑ ተነሥቶ ጫፉ ለአፍታ ተጫነ። ንፋስም ውኃም አልወጣም። ውኃ ቢወጣ መጋረጃው ተቀዷል ማለት ስለሆነ ታንኩ ይቀየራል፤ ጥገና የለውም። ምንም አለመውጣቱ የሚያስደስት ነው፤ ንፋሱ ብቻ ነው ያለቀው። የሳሙና ውኃ ሲቀባ መሙያው እምብርት ላይ ትንንሽ አረፋ ታየ። እምብርቱ የመኪና ጎማ ዓይነት ስለሆነ ተፈትቶ በአዲስ ተተካ።

ንፋሱ የሚሞላውም የሚለካውም የውኃው በኩል ግፊት ዜሮ ሆኖ ማፍሰሻው ክፍት ሲሆን ብቻ ነው። ውኃው እየገፋው ከተለካ መለኪያው የሚያሳየው የውኃውን ግፊት እንጂ የታንኩን አይደለም፤ ብዙ ባዶ ታንክ «ንፋስ አለው» ተብሎ የሚታለፈው በዚህ ስሕተት ነው። በእግር ፓምፕ ሲነፋ ማፍሰሻው ላይ የተገጠመው ጎማ ለረጅም ጊዜ ጥቁር ውኃ ተፋ፤ መጋረጃው ተመልሶ ውኃውን እያስወጣ ነው። ውኃው ሲያቆም 0.8 ባር ላይ ተተወ። ቁጥሩ የመጣው ከከፍታው ነው፦ 0.5 ሲደመር 0.3።

መስመሩ ባዶውን ሳለ የ6ቱ የተላጠች ማስወጫም ተለወጠች። ግማሽ ኢንች ጥርስ፣ የጎማ ቀለበት ያላት፤ ቀለበቷ ስለምታሽግ ቴፍሎን አልተጠመጠመባትም።

ቀን 2፣ ከሰዓት። ቁጥር 5

አጭር ሥራ ነው። የቴርሞስታቱ (እንደ ክፍሉ ሙቀት ቫልቩን የሚከፍተውና የሚዘጋው) ራስ በእጅ ተፈትቶ ተነሣ። ከሥሩ ያለችው ፒን ወደ ውስጥ ገብታ ቀርታለች፤ በበጋ ሙሉ ዝግ ተደርጎ የሚከርም ቫልቭ እንዲህ ይጣበቃል። በእንጨት ጠፍጣፋ ጫፍ ቀስ ብሎ ደጋግሞ መጫንና መልቀቅ፣ አንድ ጠብታ የሲሊኮን ቅባት፣ ከአሥራ አምስት ጊዜ በኋላ በራሷ ተመለሰች። ፒኗ የምትንቀሳቀሰው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። በፒንሳ መሳብ አይገባም፤ ከወጣች በግፊት ያለ ውኃ ይከተላታል።

ቀን 3። ቁጥር 3ን ማውረድ

ባለ ሁለት ገጽ፣ 60 በ100 ሴንቲ ሜትር። ባዶውን ከ30 ኪሎ በላይ ነው፣ ውስጡ ያለው ውኃም ጥቂት ኪሎ ይጨምራል። ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው።

የመግቢያው ቫልቭ ቴርሞስታት ስለሆነ ራሱን ዜሮ ላይ አድርጎ ማመን አይቻልም፤ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ራሱን ሊከፍት ይችላል። ራሱ ወርዶ በምትኩ የሚዘጋው የእጅ ክዳን ተጠመዘዘበት። የመመለሻው ቫልቭ እየተዘጋ ዙሩ ተቆጠረ፦ አንድ ሙሉ ከሦስት ሩብ። ይህ ቁጥር ይጻፋል፤ መልሶ ሲከፈት በዚያው ካልሆነ የቤቱ የሙቀት ድርሻ ይናጋል።

ዳዶው ሲፈታ የቫልቩ አካል በሁለተኛ ቁልፍ መያዝ አለበት። አንዱ ቁልፍ ሲያዞር ሌላው ካልያዘ ቱቦው አብሮ ይጠመዘዝና ከወለል በታች ያለው መገጣጠሚያ መፍሰስ ይጀምራል። ትሪ ከሥር፣ ዳዶው ግማሽ ዙር፣ ከዚያ ማስወጫዋ ሲከፈት አየር ስለሚገባ ውኃው ቶሎ ይፈስሳል። ቀዳዳዎቹ በጨርቅ ተወትፈው ራዲያተሩ ወደ ውጭ ወጣ።

ጎማ ቱቦ በአንዱ ታችኛ ቀዳዳ ገብቶ በላስቲክ መዶሻ ታቹ በቀስታ እየተመታ ታጠበ። ለመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች የወጣው እንደ ቡና አተላ ነበር። በጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ባልዲው ውስጥ ሲገባ ጥቁር ፂም አብቅሎ ወጣ፤ ማግኔታይት ነው፣ የራዲያተሩ የራሱ ብረት። ራዲያተሩ እየተገለበጠ በሁለቱም አቅጣጫ 20 ደቂቃ ታጥቦ ውኃው ጠራ።

እንዲህ የበላው በየሳምንቱ የተጨመረው ውኃ ነው። አዲስ የገባ የቧንቧ ውኃ በሊትር እስከ 10 ሚሊግራም ገደማ የሟሟ ኦክስጅን ይይዛል፤ ያው ውኃ ሳይቀየር ቢቆይ ኦክስጅኑ አልቆ ዝገቱ ሊቆም ጥቂት ይቀረው ነበር። ስለዚህ የ6 ቅዝቃዜና የ3 ጭቃ ምንጫቸው አንድ ነው፤ አንዲት ንፋስ የምታሳልፍ የታንኩ መሙያ እምብርት።

ሲመለስ ዳዶው ላይ ቴፍሎን አልተደረገም። እዚያ የሚያሽገው ሾጣጣው ፊት ለፊት የብረት ገጽ ነው፤ ጥርሱ ላይ የሚጠመጠም ቴፍሎን ዳዶው እንዲጠብቅ ሳይሆን የጠበቀ እንዲመስል ያደርጋል። ቴፍሎን ቦታው ራዲያተሩ ውስጥ የሚጠመዘዘው ጭራ ላይ ነው፤ እዚያ ከ12 እስከ 15 ዙር፣ በጥርሱ አቅጣጫ።

ራዲያተሩ ተሰቅሎ ገና ባዶ ሳለ የዝገት መከላከያ ፈሳሹ በማስወጫው ቀዳዳ በፈነል ተጨመረ። የመያዣው ጽሑፍ 1 በመቶ ስለሚል ለ65 ሊትር 650 ሚሊ ሊትር። በኋላ በግፊት ላይ ባለ መስመር ውስጥ ፈሳሽ ማስገባት ልዩ ዕቃ ይጠይቃል፤ ባዶ ራዲያተር ሲገኝ መጠቀም ይሻላል። ቀኑና መጠኑ ተጽፎ ቦይለሩ ላይ ተለጠፈ።

ቀን 3፣ ማታ 12፡00

መስመሩ ቀስ ብሎ እስከ 1.2 ባር ተሞላ። ፈጥኖ መሙላት አረፋ ይፈጥራል። ከታች ወደ ላይ አየር ወጣ፣ እንደገና 1.2 ተሞላ፣ ከዚያ መሙያ ጎማው ተፈትቶ ጫፎቹ በክዳን ተዘጉ። ጎማው እንደተገጠመ መተው ቫልቩ በጥቂቱ ቢያሳልፍ ግፊቱን ማንም ሳያይ ከፍ ያደርገዋል፣ ሴፍቲ ቫልቩም ያንጠባጥባል። ያኔ ጥፋቱ እንደገና በቀዩ ታንክ ይላከካል።

በ70 ዲግሪ መለኪያው 1.8 ላይ ቆመ። ሲቀዘቅዝ 1.2።

ቀን 4

አዲስ የተሞላ ውኃ ሲሞቅ የሟሟውን አየር ስለሚለቅ ትንሽ ድምፅ ይጠበቃል። 6 እና 7 ቀዝቅዘው ተከፈቱ፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ሰከንድ ተነፈሱ። ግፊቱ 1.1 ስለነበር ወደ 1.2 ተመለሰ።

ማመጣጠን፦ ለቦይለሩ ቅርብ የሆነው 1 የመመለሻ ቫልቩ ወደ ግማሽ ዙር ጠበበ፣ 2 ሦስት ሩብ ላይ ሆነ፣ 7 ሙሉ ክፍት ተተወ። ከየማስተካከያው በኋላ 20 ደቂቃ ተጠብቆ የመግቢያና የመውጫ ቱቦው ሙቀት ተለካ። ዓላማው ልዩነቱ በሁሉም ላይ ተቀራራቢ እንዲሆን ነው፤ እዚህ በ11 ዲግሪ አካባቢ ተያዘ። 7 ብቻ 14 ቀረ፤ ቱቦው ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ከዚህ በላይ አልተነካም። በቫልቭ የሌለ ፍሰት አይፈጠርም።

የ4 መመለሻ ቫልቭ ግንድ ላይ እርጥበት ታየ። ማሸጊያ ዳዶው አንድ ስምንተኛ ዙር ጠበቀ፤ ደረቀ።

ቀን 10

ቀዝቃዛ ግፊት 1.15፣ ሙቅ 1.8። የ6 ማስወጫ ተከፈተች፦ ለግማሽ ሰከንድ ፍሽታ፣ ከዚያ ውኃ፤ መልኩ ደፍረስ ያለ ቢጫ እንጂ ጥቁር አይደለም። 3 ላዩ 60፣ የታችኛው ወገቡ 51። 5 በቴርሞስታቱ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ውኃ አልተጨመረም። ከሴፍቲ ቫልቩ ሥር ያለው ጠርሙስ ደረቅ ነው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ እዚያው ይቆያል፤ አንድ ጊዜ የተከፈተ ሴፍቲ ቫልቭ መቀመጫው ላይ ደለል ይዞ በኋላ ማንጠባጠብ ሊጀምር ይችላል።